የቀድሞ ተማሪዎች ክበብ በምን ይመዘን?

የምረቃ ቀን በደረሰ ቍጥር በጅጅጋ ከተማ የሚታየው ደስታ ከማንም የተሰወረ አይደለም። አባት ግመሎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ እናት ያላትን ጌጥ አድርጋ ከገጠር ይመጣሉ፤ ልጃቸውም ጥቍር ካባ ለብሶ በመካከላቸው ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግሥቱ ግን ካባው ለባለቤቱ ይመለሳል። በአንድ መኝታ ቤት ያደሩት፣ ከአንድ ገበታ የቈረሱት ወጣቶችም አንዱ ወደ ሽንሌ፣ አንዱ ወደ ቀብሪ በያህ፣ ሌላውም ወደ ጎንደር ወይም ወደ ወላይታ ሶዶ ይበተናሉ። ከዚህ በኋላ ተማሪ ቤቱንና ልጆቹን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? የምስክር ወረቀቱ ብቻ ነውን? የዚህን ጥያቄ መልስ የምንጠብቀው ከቀድሞ ተማሪዎች ክበቦች ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስለ እነርሱ ጥቂት ለመናገር አስበናል።

የሶማሌ ክልል ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ለማግኘት ከክልሉ ርቆ መሄድ ግድ የሆነበት ዘመን ገና ትናንት ነው። ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለጅጅጋና ለአካባቢዋ ከሁሉ የሚቀርበው፣ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ያለው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ነበር። ይህ ኮሌጅ በ1950 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተ፣ በ1977 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገ፣ ዛሬም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የሚጠራ ነው። ከነዚህ ከሁለቱና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ አያሌ ሰዎች ዛሬ በጅጅጋ መሥሪያ ቤቶች፣ በቶጎ ውጫሌ የጠረፍ ከተማ፣ በአውበሬና በሐርትሼክ ተማሪ ቤቶች፣ በባቡሩ መንገድ ላይ ባሉት በኤረርና በአይሻ ከተሞች ያገለግላሉ። እነዚህ ሰዎች በየዩኒቨርሲቲያቸው ስም ቢሰባሰቡ ምን ያህል ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ ለማንም ግልጽ ነው።

እንግዲህ ከክበቦቹ መካከል በሥራቸው የላቁትን መርጦ በአደባባይ ማመስገንና መሸለም ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። መልካም የሠራ ሰው ምስጋና ሲያጣ ክንዱ ይዝላል፤ ያልሠራውም ከሠራው ጋራ እኩል ሲቈጠር ስንፍናው ይበረታል። ነገር ግን ሽልማት መስጠት ቀላል ሲሆን፣ ማን እንደሚገባው ማወቅ ከባድ ነው። ሚዛኑ የተሳሳተ እንደ ሆነ ሽልማቱ ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል። አባሎቹን ወደ ትልቅ ሆቴል ጠርቶ ግብር ያበላ፣ ትልቅ ሰንደቅ የሰቀለ፣ ከሁሉ ይልቅ ከፍ ያሉ ባለሥልጣኖችን ከፊት ወንበር ያስቀመጠ ክበብ የተሸለመ እንደ ሆነ፣ በሚመጣው ዓመት ሁሉም ወደ ግብርና ወደ ሰንደቅ እንደሚሮጥ የታወቀ ነው። የቀድሞ ጓደኛሞች ተገናኝተው ቢበሉና ቢጫወቱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ይህ ለራሳቸው ያደረጉት እንጂ ሕዝብ የሚያመሰግንበት ሥራ አይደለም።

የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ከምን እንደ ተወለደ ማስታወስ ይጠቅማል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ዊሊያምስ የሚባል ኮሌጅ አለ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1821 ዓ.ም. የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ከተማሪዎቹ ከፊሎቹን አስከትሎ አምኸርስት ወደሚባለው አዲስ ኮሌጅ በሄደ ጊዜ፣ ዊሊያምስ ሊዘጋ ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ይህን ያዩ የቀድሞ ተማሪዎች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ኮሌጁም ሳይዘጋ ቀረ። እስከ ዛሬ ሳይቋረጡ ከኖሩት የዚህ ዐይነት ማኅበሮች ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነው ይባላል። እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው ተማሪ ቤት በተቸገረ ጊዜ ነው እንጂ ለግብዣ አይደለም።

እኛም ብንሆን ከራሳችን አገር የምንማረው ምሳሌ አናጣም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው እንዲያገለግሉ የሚያዘው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀምሮ ነበር። ከሄዱት የሚበዙት ያገለገሉት በመምህርነት ነው። የከተማው ተማሪ አገሩን ያወቀው፣ የገጠሩም ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን እንደሚመስል ያየው ያን ጊዜ ነው። ያ ደንብ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አሳቡ ግን አላረጀም። አንድ ዓመት በደንብ ተገድዶ ማገልገል ይቻል ከነበረ፣ በክበብ ተሰባስቦ በፈቃድ በወር አንድ ቅዳሜ ማገልገል የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሚዛን ከኋላ ለሚመጡት ልጆች የተደረገው ነገር ይሁን እንላለን። ለዚህም ምክንያታችን ግልጽ ነው። በመላው አገሪቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጆች ዘጠና አራቱና ከዚያም በላይ የሚሆኑት ከበሩ ላይ ተመለሱ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የገባውም ቢሆን የመውጫውን ፈተና ካላለፈ ዲግሪውን አይቀበልም። በቀብሪ በያህ ወይም በአውበሬ የምትማር አንዲት ልጅ ፈተናው ምን እንደሚጠይቅ፣ የትኛው የትምህርት ክፍል ለምን ሥራ እንደሚያበቃ፣ ከቤት ርቆ መኖር ምን እንደሚመስል የምትጠይቀው ሰው ያስፈልጋታል። አባቷ በከብት ጥበቃ የኖረ፣ እናቷም ተማሪ ቤት ያልገባች ከሆነች ይህን ከማን ትሰማለች? በዚያው ከተማ የሚሠራው መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም የሒሳብ ሠራተኛ በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው ነው። እርሱ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ሁለት ሰዓት ሒሳብና ፊዚክስ ቢያስጠና፣ ለልጅቱ ከብዙ ንግግር የሚበልጥ ነገር አደረገላት።

ሁለተኛው ሚዛን ዕውቀትን ወደ ምድሩ ማውረድ ነው። በሲቲና በፋፈን ሰሜናዊ ክፍል ያለው ሕዝብ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘንበውን የከረን ዝናም በጉጉት ይጠብቃል። ዝናሙ ሲመጣ ውሃውን የሚያስቀምጠው ቢርካ በሚባለው፣ በመሬት ተቈፍሮ በሲሚንቶ በሚለሰነው ማጠራቀሚያ ነው። ቢርካው ከዝናሙ በፊት ደለሉ ካልተጠረገና ስንጥቁ ካልተደፈነ ግን ዝናሙ ዘንቦም አልዘነበም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ብዙ ቦታ አምስት የዝናም ወቅቶች ተከታትለው በከሸፉ ጊዜ የደረሰውን የከብት እልቂት የረሳ የለም። በውሃ ምሕንድስና፣ በእንስሳት ሕክምናና በእርሻ የተመረቁ ሰዎች ያሉበት ክበብ የአንድ ተማሪ ቤት ቢርካ ከከረን በፊት አስጠርጎና አስጠግኖ ቢያቆይ፣ ያ ተማሪ ቤት በድርቅ ጊዜ በውሃ እጦት አይዘጋም። የተማረ ሰው ምን ያህል ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት የዓለማያን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን ማስታወስ ይበቃል። እኒህ ሰው አቀንጭራንና ድርቅን በሚቋቋም የማሽላ ዘር ላይ በሠሩት ሥራ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ማሽላ የጅጅጋ ሜዳ ገበሬም የሚዘራው እህል ነው። ሁሉም ገቢሳ ይሁን አንልም፤ ሁሉም ግን የተማረውን ይዞ ወደ አንድ ጉድጓድ፣ ወደ አንድ ማሳ ሊወርድ ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ሚዛን ግን ሌላ ነው። በአገራችን ሰው ሲቸገር የሚጠጋው ወደ ዘመዱና ወደ ጎሣው ነው፤ ይህም ልማድ በብዙ ክፉ ቀን ሰውን አድኗል። ዳሩ ግን ዘመድ በዘመድ ላይ፣ ወገን በወገን ላይ የተነሣ እንደ ሆነ በመካከል ገብቶ የሚያስታርቅ ሌላ ማሰሪያ ያስፈልጋል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ በሶማሌና በኦሮሚያ ክልሎች ወሰን በተባባሰው ግጭት ከሁለቱም ወገን ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ በባቢሌ አቅራቢያ ያለው የቆሎጂ መጠለያ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን በጅጅጋ ከተማ በተነሣው ሁከት ሰዎች ሞቱ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሱቆች ተዘረፉ። ከዓለማያም ሆነ ከጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የተማሩ ሰዎች በዚያን ጊዜ በዚህም በዚያም ወገን ነበሩ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጅነት በደም አይወረስም፤ በቋንቋና በሃይማኖትም አይወሰንም። ስለዚህ በክፉ ቀን ስልክ አንሥቶ «ወንድሜ፣ ደኅና ነህ ወይ? ልጆችህን ወደ እኔ ላክ» የሚል ሰው ከዚህ ማሰሪያ ሊገኝ ይገባል። ክበቡ አባሎቹን የሚቀበለው በጎሣ መዝገብ ከሆነ፣ ወይም የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ብቻ የሚሰበሰቡበት ከሆነ፣ ስሙ የዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ግብሩ ሌላ ነውና ሽልማት አይገባውም።

በዚህ ላይ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ክበብ የሥራ መሻሚያ በር መሆን የለበትም። «የእኛ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው» ተብሎ ሳይወዳደር የሚቀጠር፣ ፋይሉ ከሌላው ቀድሞ የሚፈረምለት ሰው ካለ፣ ከሐርትሼክ ድረስ በእግሩ መጥቶ በረንዳ ላይ ተራውን የሚጠብቀው ባላገር መብቱን ተነጠቀ ማለት ነው። ጓደኝነት በክበቡ ውስጥ ይሁን፤ በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ግን ሕጉ ብቻ ይቀመጥ። ይህን ለይቶ የማያውቅ ክበብ፣ ሌላው ሥራው ያማረ እንኳ ቢሆን፣ ከተሸላሚዎቹ ተራ መውጣት አለበት።

ሽልማቱስ እንዴት ይሰጥ ያልን እንደ ሆነ፣ አሳባችን እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ማኅበር ለማቋቋም ለሚፈልጉ ሰዎች መንገዱን አስፍቶላቸዋል። ስለዚህ ለሽልማት የሚቀርበው ክበብ የተመዘገበ፣ ገቢና ወጪውንም ለአባሎቹ በየዓመቱ የሚያሳይ ይሁን። ዳኞቹ የክበቡን ጽሑፍ ብቻ አንብበው አይፍረዱ፤ ወደ ተማሪ ቤቱ ሄደው ተማሪውንና መምህሩን፣ ወደ ቢርካውም ወርደው ውሃ የምትቀዳውን ሴት ይጠይቁ። በጅጅጋ ያለ ሁለት መቶ አባሎች ያሉት ክበብ በደወሌ ካሉት ስምንት ሰዎች ጋራ በገንዘብ መጠን አይወዳደር፤ እያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ይመዘን። ስምንት ሰዎች ሃያ ልጆችን ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጡ አስተምረው እንደ ሆነ፣ በአንድ ቀን ብዙ ደብተር አድሎ ከጠፋው ትልቅ ክበብ ይበልጣሉ። ሽልማቱም ለሊቀ መንበሩ የሚሰጥ ዋንጫ ብቻ አይሁን፤ አሸናፊው ክበብ ለመረጠው ተማሪ ቤት የሚገባ መጽሐፍ ወይም የቤተ ሙከራ ዕቃ ቢሆን፣ ደስታው ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ልጆቹ ይደርሳል።

ገና በትምህርት ላይ ያላችሁ ተማሪዎችም ይህ የሽማግሌዎች ጕዳይ ነው ብላችሁ አትተዉት። ክበብ የሚጀመረው ካባው በተመለሰ ማግሥት ነው። ዛሬ አብሯችሁ የሚያጠናው ጓደኛ ነገ ወዴት እንደሚሄድ፣ አድራሻው ምን እንደሆነ መዝግባችሁ ያዙ። ሥራ የያዛችሁትም ደመወዛችን ገና ትንሽ ነው አትበሉ፤ ከገንዘቡ በፊት የሚፈለገው ጊዜያችሁና ያወቃችሁት ነገር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለአንዱ የሚከብደው ለብዙዎች ይቀልላል። ሶማሌዎችም «ጥርሶች የሚቈርጡት አንድ ላይ ሲሆኑ ነው» ይላሉ።

በሚመጣው የምረቃ ቀን ያ ግመሎቹን አደራ ሰጥቶ የመጣው አባት ወደ ቀዬው ሲመለስ፣ ከልጁ ፎቶግራፍ ሌላ ይዞት የሚሄደው ነገር እንዲኖር እንመኛለን። ይኸውም ለታናሽ ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስጠና ሰው በከተማው መኖሩን ማወቁ ነው። ይህን ያደረገ ክበብ ቢገኝ፣ ስሙን በአደባባይ ጠርተን ለማመስገን የምንዘገይ አይደለንም።