የመጥበሻ ዘይት ለናፍጣ መኪና ይሆናልን?

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ሞተር መጻፋችን ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን እንግዳ ነገር ሊመስላቸው ይችላል። ሆኖም የዛሬው ጕዳይ የሚነሣው ከማድ ቤት ስለ ሆነ ቦታው እዚሁ ነው። ዓሣ፣ ሳምቡሳ ወይም ድንች ከተጠበሰ በኋላ በመጥበሻው ውስጥ የሚቀረው ጠቈር ያለ ዘይት በናፍጣ መኪና ውስጥ ሊነድ እንደሚችል ብዙ ሰው ሰምቷል። ወሬው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ለየትኛው ሞተር፣ በምን ሁኔታና በምን ዋጋ እንደ ሆነ አብሮ ስለማይነገር በጥቂት ብር ቍጠባ ሞተራቸውን የሚያጡ ሰዎች አይታጡም። ስለዚህ ያገለገለውን የምግብ ዘይት እንዳለ በመኪና ውስጥ በመጨመርና በፋብሪካ ተሠርቶ የሚሸጠውን ባዮዲዝል በመግዛት መካከል ያለውን ልዩነት በመጠኑ እንገልጻለን።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። አማርኛን በመማር ላይ ያሉ ባልደረቦቻችን «ዘይት» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ እንዳለው ልብ ይበሉ። እመቤቲቱ «ዘይት ጨምሪበት» ስትል የወጡን ማለቷ ነው፤ መካኒኩ «ዘይት ጐድሎታል» ሲል ግን ሞተሩን የሚያለሰልሰውን ማለቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱም ስለሚገኙ «የምግብ ዘይት» እና «የሞተር ዘይት» እያልን እንለያቸዋለን። «ናፍጣ» ከኢጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን በትግርኛም «ናፍታ» ስለሚባል ትግርኛ ተናጋሪዎችን አያስቸግራቸውም።

የናፍጣን ሞተር የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል በ1858 ከጀርመናውያን ወላጆች በፓሪስ ተወለደ። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ብዙ ከደከመ በኋላ በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በሚገባ የሚሠራ ሞተር ለማሳየት በቃ። በ1900 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ከቀረቡት የዲዝል ሞተሮች አንዱ በለውዝ ዘይት ይሠራ ነበር። ይህን ያሳሰበው የፈረንሳይ መንግሥት ነው፤ ምክንያቱም ለውዝ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ በብዛት ስለሚበቅል፣ ከሰልና ነዳጅ ከሩቅ ሳይጫን በዚያው በሚገኝ ዘይት ኀይል ለማግኘት ይቻል እንደ ሆነ ለማወቅ ይፈልግ ነበር። ሞተሩ ያለ አንዳች ችግር ስለ ሠራ በለውዝ ዘይት መሥራቱን ያስተዋሉት ጥቂቶች እንደ ነበሩ ዲዝል ራሱ በ1912 ተናግሯል።

ታዲያ የዚያን ጊዜው ሞተር በለውዝ ዘይት ከሠራ የዛሬው ለምን እምቢ ይላል? የዚያን ጊዜው በአንድ ቦታ ተተክሎ በዝግታ የሚሠራ ከባድ ሞተር ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ግን ከፔትሮሊዩም ለሚወጣው ቀጭን ናፍጣ እንዲስማሙ ሆነው ተሠርተዋል። የምግብ ዘይት በ40 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ከናፍጣ ዐሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይወፍራል። ኖዝል የሚባለው የሞተሩ ክፍል ነዳጁን እንደ ጉም አድርጎ መርጨት አለበት፤ ዘይቱ ወፍራም ሲሆን ግን የሚረጨው እንደ ጉም ሳይሆን እንደ ነጠብጣብ ነው። ነጠብጣቡም በሙሉ ሳይቃጠል ቀርቶ በኖዝሉ ጫፍና በፒስቶኑ ላይ ጥቀርሻ ይሠራል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ፣ ሳይነድ የቀረው ዘይት በፒስቶኑ ቀለበቶች በኩል ሾልኮ ከሞተሩ ዘይት ጋር መቀላቀሉ ነው። እዚያም ከሙቀትና ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ይረጋል፤ በመጨረሻም የሞተሩ ዘይት ሙጫ መሰል ነገር ይሆንና ማለስለሱ ይቀራል።

አታላይ የሚያደርገው ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አለመምጣቱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መኪናው እንደ ልማዱ ይሄዳል፤ ጭሱም የጥብስ ሽታ ስላለው ጎረቤቱን ሁሉ ያስቃል። ባለቤቱም ጥበብ ያገኘ መስሎት ለወዳጆቹ ያወራል። ከወራት በኋላ ሞተሩ ጧት ጧት አልነሣ ሲል ወይም ኀይሉ ሲቀንስ ጥፋቱን በባትሪው ወይም በመካኒኩ ላይ ያላክካል እንጂ የመጥበሻውን ነገር አያስበውም።

ያገለገለ ዘይት ደግሞ ከአዲሱ የባሰ ነው፤ ከምግቡ የወጣ ውሃ፣ ጨውና ፍርፋሪ አለበት። በተደጋጋሚ ስለሞቀም አሲድ ይፈጠርበታል። ውሃው ፖምፓውን ያዝገዋል፣ ፍርፋሪው ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ስለዚህ በዚህ ሥራ የበረቱ ሰዎች ዘይቱን ለብዙ ቀናት አስቀምጠው ያጠሉታል፣ ያጣሩታል፣ ውሃውንም በማሞቅ ያወጡታል። በመኪናው ላይም ሁለተኛ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ያስገባሉ። ሞተሩ በናፍጣ ይነሣል፤ ከራዲያተሩ ጋር የሚዘዋወረው ሙቅ ውሃ በቱቦ አልፎ የምግቡን ዘይት ወደ 70 ዲግሪ ካሞቀውና ካቀጠነው በኋላ ወደ እርሱ ይለወጣል፤ ከመቆሙም በፊት ቱቦው እንዲታጠብ እንደ ገና ወደ ናፍጣ ይመለሳል። በዚህ ሁኔታ እንደ አሮጌው መርሴዲስ 300 ዲ ያሉ፣ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዓመታት የተሠሩ ጠንካራ ሞተሮች ብዙ መንገድ ሄደዋል። ነዳጁን ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት የሚረጩት የዛሬዎቹ ሞተሮች ግን ይህን አይችሉም፤ የፖምፓቸውና የኖዝላቸው ዋጋም የብዙ ወር ደመወዝ ነው።

በእኛ አካባቢ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ይታሰባሉ። ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት፣ ገበያተኛው «የሚረጋ ዘይት» የሚለው፣ ስሙ እንደሚነግረን በብርድ ይረጋል። አዲስ አበባና አስመራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ስላላቸው፣ በጥቅምትና በኅዳር ጧት በቱቦው ውስጥ የሚገኘው ዘይት ሳይሆን ቅቤ ነው። የኑግ ዘይት አይረጋም፤ ነገር ግን አየር ሲያገኘው ደርቆ እንደ ቫርኒሽ የመለጠፍ ጠባይ አለው። በኑግ የተጠበሰበት መጥበሻ ዳሩ ምን ያህል እንደሚሙለጨለጭና እንደሚጣበቅ ያጠበ ያውቀዋል፤ በፒስቶን ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ባዮዲዝል የሚባለው ሌላ ነገር ነው። መነሻው ያው የምግብ ዘይት ቢሆንም በኬሚስትሪ ጠባዩ ተለውጧል። በ1937 ሻቫን የሚባል የብሩሰል ዩኒቨርሲቲ ሊቅ የአትክልት ዘይትን በአልኮል አማካይነት የማቅጠኛውን ዘዴ በቤልጅግ አስመዘገበ፤ በማግሥቱም ዓመት ከብሩሰል ወደ ሉቨን የሚሄድ አውቶቡስ በዚሁ ነዳጅ ተነዳ። ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። ለ100 ኪሎ ዘይት 10 ኪሎ ያህል ሜታኖልና ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ይጨመራል፤ ወደ 100 ኪሎ ባዮዲዝልና ወደ 10 ኪሎ ግሊሰሪን ይወጣል። ግሊሰሪኑ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የሚቀረው ውፍረቱ ወደ ናፍጣ የቀረበ ፈሳሽ ነው። ከዚያ በኋላ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይመረመራል። የአውሮፓ መንግሥታት ለዚህ ነዳጅ የጥራት ደንብ አውጥተው፣ በተራው ናፍጣ ውስጥም እስከ 7 በመቶ እንዲቀላቀል ፈቅደዋል። በፋብሪካው ባዮዲዝል ገዢው የሚከፍለው ለዚህ ምርመራ ጭምር ነው። ይህን ነው ብዙዎች የሚረሱት።

እንግዲህ በቤት ቢሠራስ? የሚሠሩት አሉ። እኛ ግን ልጆች ባሉበት ግቢ አንመክረውም። ሜታኖል ጥቂቱ ሲጠጣ ዐይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን ለመታየት ያስቸግራል። ኮስቲክ ሶዳ ሥጋን ይበላል። በዘይቱ ውስጥ ውሃ ወይም አሲድ ከበዛ ደግሞ በበርሜሉ ውስጥ የሚገኘው ነዳጅ ሳይሆን ሳሙና ነው።

ሕግም አለ። በብሪታንያ በ2002 የነዳጅ ቀረጥ ሳይከፍሉ በምግብ ዘይት ሲነዱ የተገኙ የዌልስ ሰዎች ተቀጥተዋል። በ2007 ግን መንግሥቱ በዓመት ከ2,500 ሊትር ያልበለጠ ለሚሠራ ሰው ቀረጡን ተወለት።

ስለ መጠኑ ደግሞ እንቍጠር። አንድ ቤት በወር 4 ሊትር የምግብ ዘይት ቢያወጣና ከዚያ አንድ ሊትር ቢተርፈው፣ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚበላ መኪና በዚያ የሚሄደው 10 ኪሎ ሜትር ነው። የወሩ ቍጠባ ገበያ ደርሶ መመለሻ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው የሚረባው ብዙ ለሚጠብሱ ሆቴሎችና ለትልልቅ ምግብ ቤቶች ነው። የአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ በ1997 ከተዘጋ ወዲህ ኢትዮጵያ የተጣራውን ናፍጣ በሙሉ ከውጭ ትገዛለች፤ መንግሥቷም በ2007 ከጃትሮፋና ከጉሎ ፍሬ ነዳጅ ለማውጣት የሚያስችል ስልት አውጥቶ ነበር። ከተጀመሩት እርሻዎች ብዙዎቹ ግን ፍሬያቸው ሳይታይ ተትተዋል።

በእኛ አስተያየት ያገለገለውን ዘይት ሰብስቦ ለፋብሪካ መስጠት የሚገባበት ዋናው ምክንያት ናፍጣው አይደለም። ሳይሰበሰብ የቀረው ዘይት ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ መጥበሻ ይሄዳል፤ ቦንቦሊኖና ሳምቡሳ በሚጠበስበት በመንገድ ዳር ለተማሪዎች ይሸጣል። የሕንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ይህን ተመልክቶ በ2018 በመጥበስ የተበላሸ ዘይት የሚጣልበትን ልክ በሥራ ላይ አዋለ፤ በዚያው ዓመትም ዘይቱ ከምግብ ቤቶች ተገዝቶ ባዮዲዝል እንዲሠራበት ዕቅድ አወጣ። ዋጋ የተሰጠው ነገር ወደ ልጆች አፍ አይመለስም። ክፉው ጎን፣ ዋጋው ሲበዛ ደግሞ አዲሱን ዘይት «ያገለገለ ነው» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ መፈጠሩ ነው፤ በአውሮፓ ይህ ጥርጣሬ ለዓመታት ሲያከራክር ቈይቷል።

ባዮዲዝል በሚሸጥበት አገር ለሚገኙ አንባቢዎቻችን የመጨረሻ ቃል አለን። ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናውን መጽሐፍ ተመልከቱ፤ ምን ያህል በመቶ ድብልቅ እንደሚፈቀድ በዚያ ተጽፏል። ያልተደባለቀው ባዮዲዝል ከናፍጣ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ያነሰ ኀይል ስላለው መኪናው ትንሽ ቢሰንፍ አትደንግጡ። በአሮጌ መኪና ላይ የተፈጥሮ ላስቲክ ቱቦዎችን ስለሚያለሰልስ አስቀድሞ ማስለወጥ ይገባል። ለብዙ ዓመታት በማጠራቀሚያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውንም እድፍ አጥቦ ስለሚያወርድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል፤ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው አንድ ትርፍ ፊልትሮና የሚፈታበትን መፍቻ ከመቀመጫው ሥር ይያዝ።