ውኃው የማን ነው?

ይህን ርዕሰ አንቀጽ የምንጽፍባት ሂሊያርድ በኮሎምበስ ዳርቻ ያለች ከተማ ናት፤ ከምዕራቧ የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻ ይጀምራል። የኦሃዮ ገበሬ ከማሳው ሥር የተበሳሳ ቧንቧ ይቀብራል፤ የተረፈውን ውኃ ለማስወጣት ነው! ይህን የሚያይ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የገበሬያችን ችጋር የሰማይ ቁጣ ነው ቢል አይፈረድበትም። ሐሳቡ ግን ስሕተት ነው።

አዋሽን እንመልከት። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተጠናቀቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በተንዳሆም የእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ኩባንያ ጥጥ አለማ። ወንዙ መፍሰሱን አላቋረጠም። አፋሩ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የወንዝ ዳር ሣር ግን የጥጥ ማሳ ሆነ፤ በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ መሸሻ አጣ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። የውኃው ጥያቄ ግን አብሮ አልተዘጋም።

በሜጫ፥ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። በእንዲህ ያለ መስኖ ውኃ ሲያንስ እጥረቱ ለሁሉ እኩል አይደርስም። በቦዩ ራስ ያለው ማሳ ሲጠግብ፥ በጭራው ያለው ገበሬ ደለል እየጠረገ ተራውን ይጠብቃል። ሽንኩርቱ ራስ በሚቋጥርበት ሳምንት ተራው ቢያልፈው፥ ለዘርና ለማዳበሪያ የተበደረው ዕዳ ብቻ ይቀረዋል። ተራዋ በሌሊት የሚደርሳት ባሏ የሞተባት ሴትማ ማሳዋን ለእኩል ሰጥታ የምርቷን ግማሽ ታጣለች። የሜጫ ገበሬ ባሕር ዛፍ መትከሉን ስንፍና የሚሉት አሉ። ለእኛ የተሰላ ሥራ ነው፤ ባሕር ዛፍ ተራ አይጠብቅም፤ የጎረቤትን ማሳ ማድረቁ ሌላ ጉዳይ ሆኖ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም የመራዊን ስም የሰማው በሲቪሎች ግድያ ነው። ጥይት በሚጮኽበት አገር ቦይ የሚጠርግ ደቦ አይጠራም።

በወሎና በሸዋ ገበሬው የመረጠው የውኃ አባት ተራ ሲያከፋፍልና ጠብ ሲዳኝ ኖሯል። አዋጅ ቁጥር 841/2006 ለመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት ሰጠ። መልካም ነው። ነገር ግን የግድቡ በር መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው ሌላ ከሆነ፥ ማኅበሩ የሚያከፋፍለው ጥማቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው፤ ለበጋው ያለው የውኃ መጠን ገበሬው ዘር ሳይበደር አስቀድሞ ይነገረው፤ በማኅበሩ ሸንጎም የጭራው ገበሬዎች የራሳቸው ወንበር ይኑራቸው። ምህንድስና የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፥ አገር ቤት ስትገቡ የመጀመሪያ ጉብኝታችሁን ከግድቡ ሳይሆን ከመጨረሻው ቦይ ጀምሩ።