አንዱን ማዳመጫ ስጠኝ



ልጃችሁ ማታ ማታ ክፍሉን ዘግቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ምን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ? እኛ ቤት አይታወቅም ነበር። አያቱ ካረፉ በኋላ የ16 ዓመቱ ልጃችን ዝም አለ። ድንኳኑ ከተነሣ ከወራት በኋላም እራት ላይ ከ«እሺ» በቀር ቃል አይወጣውም። አንድ ምሽት «አባዬ፣ እስቲ ይህን ስማ» ብሎ አንዱን ማዳመጫ ዘረጋልኝ። እኔም ጊታሩን ገና ስሰማ «ይህማ ዘፈን ነው» ብዬ መለስኩለት። እጁን ሰበሰበ። ባለቤቴ ግን አጠገቡ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችና «ስለ ምን ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀችው። ልጄ ስለ አያቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራው ያን ምሽት ነው፤ ያወራውም ለእኔ አልነበረም።

የሰሙት አሜሪካዊው ሱፍያን ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን «ኬሪ ኤንድ ሎዌል» የተሰኘ አልበም ነው። ኬሪ እናቱ ናት። ገና ሕፃን ሳለ ትታው ሄደች፤ ከአእምሮ ሕመምና ከሱስ ጋር ስትታገል ኖራ በ2012 አረፈች። ሎዌል የእንጀራ አባቱ ነው። ትዳሩ ቢፈርስም ከልጁ አልተለየም፤ አብረው የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት መሠረቱ፣ በ2020 ደግሞ በጋራ አልበም አወጡ። የእንጀራ ልጅ የምታሳድጉ አንባቢዎቻችን፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

እንዲህ ያለው ሙዚቃ «ኢንዲ ፎክ» ይባላል። «ኢንዲ» የሚባሉት ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጪ፣ በራሳቸው ወይም በትንንሽ አሳታሚዎች በኩል የሚሠሩት ናቸው። አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ከበቂ በላይ ነው፤ እንደ እናቶቻችን እንጉርጉሮ ቅርብ ሆኖ ይሰማል። ጎረቤቱ «ድሪም ፖፕ» ደግሞ ጊታሩንም ድምፁንም በማስተጋባት እንደ ጉም ይሸፍናቸዋል። ከቀዳሚዎቹ አንዱ የስኮትላንዱ ኮክቶ ትዊንስ ነው። በ1990 ባወጡት «ሄቨን ኦር ላስ ቬጋስ» የዘፋኟን የኤልሳቤጥ ፍሬዘርን ቃላት እንግሊዞቹ ራሳቸው ብዙውን አይለዩትም። ስለዚህ «እንግሊዝኛው አይገባኝም» ማለት ምክንያት አይሆንም!

ለመጀመር ሁለት ልጠቁማችሁ። የመጀመሪያው የባልቲሞሩ ቢች ሃውስ ቡድን «ስፔስ ሶንግ» ነው፤ በ2015ቱ «ዲፕሬሽን ቼሪ» አልበም ውስጥ ይገኛል። ዝግ ያለ ነው፤ ሥራ እየሠራችሁ ሳይሆን ተቀምጣችሁ ስሙት።

ሁለተኛው ለባለትዳሮች ነው። አለን ስፓርሃክና ሚሚ ፓርከር ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ ባልና ሚስት ነበሩ። በ1993 በሚኒሶታዋ ዱሉዝ ከተማ «ሎው» የተባለውን ቡድን መሥርተው ለሠላሳ ዓመት ያህል ድምፃቸውን አስተባብረው ዘመሩ። በኅዳር 2022 ሚሚ በካንሰር አረፈች። ባልየው በ2025 ትራምፕልድ ባይ ተርትልስ ከተባሉ የከተማው ሙዚቀኞች ጋር አልበም አወጣ፤ «ኖት ብሮክን» በተሰኘው ዘፈን ላይ የሁለቱ ልጅ ከአባቷ ጋር ትዘፍናለች። መጀመሪያ የባልና ሚስቱን፣ ቀጥሎ የአባትና የልጁን ስሙ።

ሌላ አዲስ ለማግኘት አንድ ዘዴ አለ፤ ዘፈን ስትወዱ አሳታሚውን ተመልከቱ። ቢች ሃውስንም ሎውንም ያሳተመው የሲያትሉ ሰብ ፖፕ ነው፤ የፍሊት ፎክስስን የ2008 አልበምም ያወጣው እርሱ ነው። በ2008 በተጀመረው ባንድካምፕ ላይ ደግሞ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ራሳቸው ያቀርባሉ፤ ብዙውን ከመግዛታችሁ በፊት መስማት ትችላላችሁ።

እነዚህ ለአምልኮ የተዘጋጁ መዝሙሮች አይደሉም፤ የሠሪዎቹም እምነትና ኑሮ በሁሉ ነገር የእኛ አይደለም። ግጥሙን አንብባችሁ መዝኑ፤ የማይሆነውን ተዉት። ነገር ግን ልጃችሁ የሚሰማውን ሳትሰሙ አትፍረዱ። ባለትዳሮችም በሳምንት አንድ ምሽት፣ ልጆች ሲተኙ፣ በየተራ አንድ አንድ ዘፈን ምረጡ። ሲያልቅ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠያየቁ፤ «ማንን አስታወሰህ? ማንን አስታወሰሽ?» ብላችሁ ተጠያየቁ።

እኔስ? ከሳምንት በኋላ የልጄን በር አንኳኳሁ። «ያን ዕለት አጥፍቻለሁ፤ አንዱን ስጠኝ» አልኩት። ትንሽ አየኝና ገመዱን ፈታ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ሰማን። ሲያልቅ ብዙ አላወራንም፤ ብቻ «ሌላም አለ» አለኝ።

እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ።