ፎርማት አድርገን የመለስነው ሚሞሪ

በዚህ በአዲስ አበባችን መድኃኒትነታቸው የማይጠየቅ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ዳማከሴ ነው፣ ሌላው ፎርማት። ስልክ ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ሚሞሪ አልከፍት አለ? ፎርማት። ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆኑ? «ቫይረስ ነው እህቴ፣ ፎርማት ላድርግልሽ?» ይላል የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ፤ መልስ ሳይጠብቅ ማውሱን ጨብጦ። እኛም ስንት ዓመት ሙሉ «እሺ በቃ አድርገው» ስንል ኖርን። አሁን ግን «ቆይ እስቲ» ማለት ጀምረናል። ለምን እንደሆነ እናውጋችሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት ከዓረብ አገር ስለተመለሱ እህቶቻችን አንድ ዘጋቢ ፊልም ቢጤ መሥራት ጀመርን። ካሜራ የለንም። (የጋዜጠኝነት ዲግሪ ሲሰጡን ካሜራ አብረው አልሰጡንም፤ ጋዋኑንም አስመልሰውናል።) ስለዚህ ከአንድ ፎቶ ቤት ካሜራውን ከነሚሞሪው በቀን ሒሳብ እንከራያለን። መጀመሪያ ያነጋገርናት ልጅ ፊቷ እንዳይታይ፣ ድምጿም እንዳይለይ ለመነችን። የምትፈራው እዚያ ያሉትን አሠሪዎቿን አልነበረም። የላካት ደላላ የሰፈሯ ሰው ነው፤ እናቷ በየቀኑ በደጁ ነው የሚያልፉት። «ፊትሽን እናደበዝዘዋለን፣ ድምፅሽን እንቀይረዋለን፣ ዋናውን ከእኛ በቀር ማንም አያየውም» ብለን ቃል ገባንላት። ቀረጽን። ወደ ላፕቶፓችን ገለበጥን። ካሜራው ላይ «ፎርማት» የሚለውን ተጫንና ለባለቤቱ መለስን። ካሜራው «ባዶ ነው» አለን፣ እኛም አመንነው።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ከዚያው ፎቶ ቤት ተከራይተን ሌላ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ቀረጽን። ማታ አንዳችን ለነገው ይዘጋጅ ብላ ሚሞሪውን ፎርማት አደረገችው። ቀጥሎ የመጣውን ንግግር ካሜራ ይዞ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

«ገልብጠሽው ነበር አይደል?»

«እንዴ! አንቺ አይደለሽም እንዴ የገለበጥሽው?»

ከለቅሶውና ከጭቅጭቁ በኋላ አንድ ወዳጃችን ዘንድ ደወልን። «ካርዱን እንዳትነኩት፣ አንዲት ፎቶ እንኳ እንዳታነሱበት» አለ። ከዚያም ላፕቶፓችን ላይ ባለው ኡቡንቱ ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አስጫነን። በካርዱ ጎን ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ገፋ አድርገን (እሷ ስትቆለፍ ኮምፒውተሩ ካርዱ ላይ እንዳይጽፍ ትከለክለዋለች)፣ የተገኘው ሁሉ ካርዱ ላይ ሳይሆን የላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ አዘን ተቀመጥን። የቀረጽነው ተመለሰ! ስሙ ጠፍቶ፣ አንድ ፊደልና ረጅም ቁጥር ብቻ ሆኖ፣ ግን ተመለሰ። ተቃቀፍን።

ፕሮግራሙ ግን እኛ የፈለግነውን አግኝቶ አላቆመም። የማናውቃት ሙሽራ መጣች። ካባ የደረቡ የመልስ ታዳሚዎች መጡ። የሕፃን ክርስትና። ጉርድ ፎቶ ለመነሳት ትከሻቸውን ያቀኑ አንድ አባት። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ከእኛ በፊት በዚያች ካርድ ያለፉና «ጠፍተዋል» የተባሉ ናቸው። ደስታችን እዚያው ላይ ቀዘቀዘ፤ ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበርና። ያቺ ልጅስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚሞሪ ካርድን እንደ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አስቡት። መደርደሪያው ላይ ዶሴዎች አሉ። በሩ አጠገብ ደግሞ የትኛው ዶሴ የት እንዳለ የተጻፈበት አንድ ትልቅ መዝገብ አለ። በተለመደው ፈጣን መንገድ ፎርማት ስናደርግ፣ ካሜራውም ይሁን ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ፣ የሚለወጠው ያ መዝገብ ነው፤ አሮጌው ወጥቶ በምትኩ ባዶ ይቀመጣል። ዶሴዎቹን የነካቸው የለም። አዲስ ዶሴ መጥቶ ቦታቸውን እስኪወስድ ድረስ መደርደሪያው ላይ ናቸው። 32 ጊጋባይት ካርድ በጥቂት ሰከንዶች «ባዶ» የሚሆነውም ለዚህ ነው። ካርዱ በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ቢሆን፣ በእውነት ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜሮ ለመሸፈን ሃምሳ ደቂቃ አልፎ ይሄዳል። ቡና ተፈልቶ በረካው እስኪደርስ ማለት ነው።

እንግዲህ ቅሬታችን እዚህ ላይ ነው። ፎርማትን የምንጠቀመው በሁለቱም በኩል ያለቦታው ነው። ማዳን ያለብንን እናጣበታለን፣ ማጥፋት ያለብንን እንተውበታለን።

ስለ ማዳን እናንሳ። ያ ፎልደሮችን ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቻችንን አያጠፋም። ይደብቃቸዋል፣ አንዳንዴም ስም የለሽ ፎልደር ውስጥ ያጉራቸዋል፣ በቦታቸውም የራሱን ሾርትከት ያስቀምጣል። የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ኡቡንቱ ላይ አይነሳም፤ ዊንዶውስ «ድብቅ» የሚለውን ምልክትም ኡቡንቱ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ካርዱን ስትከፍቱት ሁሉም እንደ ልጆች ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። መገልበጥ ነው። ኡቡንቱን ደግሞ ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነስቶ መጠቀም ይቻላል። ስንቱ የምረቃ ፎቶ፣ ስንቱ መመረቂያ ጽሑፍ «ቫይረስ ነው እህቴ» ተብሎ ሄዷል! በነገራችን ላይ ሊኑክስም የራሱ ጣጣ አለው። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑት ካርዶች የሚመጡት ኤክስፋት በሚባለው አሠራር ነው፤ ማይክሮሶፍት የዚህን አሠራር ዝርዝር ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን የሊኑክስ ከርነልም ራሱ ማንበብ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ የቆየ ኡቡንቱ ያለው ላፕቶፕ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት «አልከፍትም» ሊላችሁ ይችላል። ካርዱ አልተበላሸም። ያው ደግሞ ፎርማት እንዳትሉ።

ማጥፋት ሲፈለግስ? ኡቡንቱ ላይ «ዲስክስ» የሚባል ፕሮግራም አለ። ከሁሉ በፊት በግራ በኩል ከተዘረዘሩት ውስጥ ካርዳችሁ የቱ እንደሆነ ለዩ። በስሙ አትመኑ፣ በመጠኑ ለዩት፤ የላፕቶፑን ሃርድ ዲስክ በስህተት የመረጠ ሰው የሚያለቅሰው ለሚሞሪ አይደለም። (በጥቁሩ መስኮት በትእዛዝ የምትሠሩ ከሆነ 32 የተባለው ካርድ 29 ነጥብ ምናምን ሆኖ ቢታያችሁ ሻጩ አጭበርብሮ ላይሆን ይችላል፤ ፋብሪካው በ1000 ነው የሚቆጥረው፣ ትእዛዙ በ1024።) ከዚያ ፎርማት የሚለውን ስትመርጡ «ኢሬዝ» የምትል ማብሪያ አለች። ጠፍታ ነው የምትመጣው። ጠቅላላ ወሬያችን ስለዚህች ማብሪያ ነው። ስትበራ ካርዱ ከላይ እስከ ታች ይጻፍበታል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ፎቶሬክም ቢሄድበት የሚያገኘው ነገር አይኖርም። ቀጥሎ ለሚመጣው ምርጫ ደግሞ ለሁሉም መሣሪያ የሚሆነውን «ፋት» ምረጡ። «ኤክስት 4» የሚለውን የመረጠ ካሜራው ካርዱን አላውቀውም ሲለው ይደነግጣል። ፋት አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም፤ ብዙ ካሜራዎች ግን ረጅም ቪዲዮ ሲሆንባቸው ራሳቸው ይቆራርጡታል።

እውነቱን ለመናገር ይህም መቶ በመቶ አይደለም። ካርዶች ለመጠባበቂያ የሚይዙት፣ ከውጭ የማይታይ ክፍል አላቸው፤ እዚያ የቀረ ቁራጭ ሊኖር ይችላል። በእርግጥ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነገር ከሆነ ካርዱን መሰባበር ነው። ወይም ከመጀመሪያው የራስን ካርድ መግዛት። ካሜራ ለመከራየት የምንከፍለውን እያሰብን ካርድ ለመግዛት የሰሰትነው እኛ ነን፤ በማንም አናላክክም።

በማግሥቱ ፎቶ ቤቱ ሄድን።

«ፎርማት አድርጋችሁ አልነበር እንዴ የመለሳችሁት?» አሉን ባለቤቱ።

«አድርገን ነበር ጋሼ» ብለን ሙሽራዋን አሳየናቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። «ይቺን እኮ ያነሳኋት እኔ ነኝ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ለምን እንደመጣን ብዙ ማስረዳት አላስፈለገንም። የሚያከራዩአቸው ካርዶች አምስት ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ምልክት የሌላቸው። በእጃቸው ያሉትን አራቱን ሰጡን። የሌላ ሰው ፎቶ ዳግመኛ ላለማየት ፎቶሬክን ቪዲዮ ብቻ እንዲፈልግ አዘዝነው። በአራቱም ውስጥ እሷ የለችም። አራቱንም ማብሪያዋን አብርተን፣ እዚያው ባንኮኒያቸው ላይ ተራ በተራ ስናጠፋ ዋልን፤ ጋሼ ሻይ አስመጡልን።

አምስተኛው ካርድ ከካሜራው ጋር ሰርግ ለመቅረጽ ሐዋሳ ሄዷል። የተከራየው ልጅ ስልኩን አያነሳም።

ለልጅቷ እንንገራት ወይስ አንንገራት ብለን ሁለት ቀን ተከራከርን። ነገርናት። የመዝገብ ቤቱን ምሳሌ ሁሉ ጨምረን አስረዳናት። ዝም ብላ ከሰማችን በኋላ የጠየቀችን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «እና አሁን ማን እጅ ነው ያለው?»