ድምፃቸው ሲፈለግ ደማቸው ለምን ተጠላ?!

ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ ሻታ ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ ሲወጡ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ለእስራኤል ፓርላማ ተመረጡ፤ ከኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች የመጀመሪያዋ! እልል ተባለ።

ዓመቱ ሳያልቅ ጉድ መጣ። እዚያው ፓርላማ ውስጥ ደም ለመለገስ ቢቀርቡ፣ ኢትዮጵያ ስለተወለዱ አይሆንም ተባሉ። ሲሟገቱ ደግሞ፣ እሺ ይቀዳ፣ ግን በረዶ ቤት ይቀመጣል እንጂ ለማንም አይሰጥም አሏቸው። (ወይ ማጽናናት!)

መመሪያ ነው፣ የበሽታ ጥንቃቄ ነው ተባለ። እሺ ይሁን! ታዲያ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እዚያው ያደጉትን ሰው ደም መርምሮ መለየት አቃተ? ደግሞም እንግዳ ነገር አልነበረም። ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በስውር ሲደፋ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጋልጦ ኢየሩሳሌም በሰልፍ ታምሳ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ ከረመ?!

ወይዘሮዋ እ.ኤ.አ. በ2020 ሚኒስትር ሆነው እስከ 2022 ሠርተዋል። ወንበሩ ደስ ይላል፣ እኛም አጨብጭበናል። ያን ዕለት ግን ካሜራ የተደቀነው፣ አፈ ጉባኤውም ደም ሰብሳቢዎቹን ከግቢ ያስወጡት የፓርላማ አባል ስለተነኩ ነው። ቤተ እስራኤላዊቷ ጽዳት ሠራተኛ ክንዷን ዘርግታ ብትመለስስ ኖሮ ማን ይሰማላት ነበር?