ለቀፎ በጀት፣ ለንቧ መርዝ!



ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ አጨብጭበናል። እምቦጭ ሲወረውም ገንዘቡም ማሽኑም ተገኘ፤ ደግ ነው። ለንብና ለቢራቢሮስ ስንት ተመደበ? መንግሥት ዘመናዊ ቀፎ ያድላል፤ በሐይቁ ዳር ግን በጠራራ ፀሐይ ጫት ላይ መርዝ ይረጫል። ንቧ አበባ ስትቀስም ከሞተች ቀፎው ባዶ ሣጥን አይደለም እንዴ? ቢራቢሮውም አብሮ ይረግፋል።

ነገሩ የማር ብቻ አይደለም (ጠጅ ወዳዶች ቢቆጩ ግን አንፈርድባቸውም)። ኑግ በራሱ ብናኝ ፍሬ አይዝም፤ ከሌላው ተክል የምታመጣለት በተለይ ንብ ናት። እሷ ከጠፋች የኑግ ዘይት ከየት ሊመጣ ነው?

ስለዚህ ከቀፎው በጀት ተቀንሶ ለዋንዛና ለብሳና ችግኝ ይዋል፤ ርጭቱም ንብ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ እንዲሆን የሚቆጣጠር ባለሙያ ይመደብልን። ማመልከቻውን ለግብርና ጽሕፈት ቤት እናስገባለን፤ የምትፈርሙ እስከ እሑድ ማኅበሩ ቢሮ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ