ኮማና አገባብ በተማሪ ደብተር

የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለደነገገ፣ በአማርኛ ሲማር የኖረው፣ በሰሜን ወሎ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ገጠር ልጅ ዘጠነኛ ክፍል በገባ ጊዜ የትምህርቱ ቋንቋ ይለወጥበታል፤ ደብተሩን ገልጦ የተመለከተ ሰው ግን ልጁን የሚያሰናክለው የቃል ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም የመስተጻምርና የኮማ አገባብ መሆኑን ይረዳል።

«ወደ መርሳ ወርደን፣ ማንጎ ገዝተን፣ ማታ ወደ ወልድያ ተመለስን» ብሎ የሚጽፍ ሰው በአማርኛ ሕግ ነውር የለበትም፤ «ወርደን»ና «ገዝተን» ቦዝ አንቀጾች ናቸውና በነጠላ ሰረዝ ተደግፈው ማሰሪያ አንቀጹን ይጠብቃሉ። ተማሪው ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግር ግን ሦስቱንም ግሦች ከነባለቤታቸው አስሮ ሦስት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮች ያደርግና በመካከላቸው ኮማ ብቻ ይጥላል። የእንግሊዝኛ ኮማ ሁለት የታሰሩ ዐረፍተ ነገሮችን ብቻውን የማያያዝ ሥልጣን የለውም፤ ወይ በነጥብ ይለያዩ፣ ወይ ከኮማው ቀጥሎ «ኤንድ»ን ወይም «በት»ን የመሰለ መስተጻምር ይግባ። «ምንም እንኳ ዝናብ ቢጥልም፣ ነገር ግን ገበያው ቆመ» ማለትም ለአማርኛ ጆሮ አይጎረብጥም፤ እንግሊዝኛ ግን «ኦልዞው» ካለ «በት»ን አይደግምም፣ ኮማ ብቻ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ስለ አንዲት ጭረት ነውን የሚል ቢኖር፣ በአሜሪካ ሜይን ግዛት የኦክኸርስት ወተት ድርጅት ሾፌሮች ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ የተሟገቱትን ያስብ፤ በሕጉ ዝርዝር ከመጨረሻው «ወይም» በፊት ኮማ ባለመኖሩ ንባቡ አሻሚ ሆኖ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ለሾፌሮቹ ፈረደ፤ በተከታዩም ዓመት ድርጅቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እኔን የሚያሳዝነኝ አገራችን ለዚህ ለአገባብ ዕውቀት ባዕድ አለመሆኗ ነው። በዚሁ በሰሜን ወሎ፣ በቅኔዋ በታወቀችው በዋድላ፣ ከጉባኤ የሚቀመጥ ደቀ መዝሙር አገባብን ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ብሎ ለይቶ፣ የትኛው ቃል የትኛውን አንቀጽ እንደሚጠብቅ ይማራል፤ የዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጅ ግን የእንግሊዝኛውን ሕግ ከአማርኛው ሳያነጻጽር በቃሉ ያጠናል፣ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተናም ምርጫ ብቻ ስለሆነ አንዲት አንቀጽ ሳይጽፍ ያልፋል።

የፈተናውን መልክ መለወጥ የአዲስ አበባ ሥራ ይሁን። የወልድያና የመርሳ መምህራን ሆይ፣ የተማሪውን ብዛት አላጣሁትም፤ ሁሉን ደብተር ማረም ባይቻል እንኳ በየሳምንቱ የአንዱን ተማሪ አንቀጽ በጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ አማርኛውን በግራ እንግሊዝኛውን በቀኝ ጻፉና ማሰሪያ አንቀጹ የት እንዳለ ልጆቹ ራሳቸው ያመልክቱ።